ቻርጀር የሚመዝኑት ጋሼ

በየቤተሰቡ አንድ ሰው አለ። ገመድና ሶኬት ያለው ዕቃ ያለ እሱ ፈቃድ ደጃፍ አይረግጥም። «እኛ ቤት እንዲህ ዓይነት ሰው የለም» የምትሉ ካላችሁ ራሳችሁን ጠርጥሩ፤ ምናልባት ሰውየው እናንተው ናችሁ። ይህ ሰው መሐንዲስ አይደለም። መሐንዲስማ ቢሆን አይቶ፣ ነካክቶ፣ «ደህና ነው» ብሎ ወደ ሥራው ይሄድ ነበር። ይህኛው ጡረታ የወጣ ነው። ጊዜ አለው፣ ቴስተር አለው፣ የሚያምነው ዕቃ ግን በዓለም ላይ የለም።

በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ጋሼ ናቸው። ሙሉ ማዕረጋቸው ክቡር ጠቅላይ መርማሪ ሲሆን፣ ማዕረጉን የሰጧቸው ዘመዶቻቸው ናቸው፤ እሳቸው ባሉበት ግን ማንም ደፍሮ አንስቶት አያውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እህል መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ ቆመው ጆንያ መዝነዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን ከጆንያ ውስጥ ያወጡት ድንጋይ አንድ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ያሠራል ይባላል። «ይባላል» የሚሉት ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ መጋዘኑን ለቀቁ እንጂ ሚዛኑን አልለቀቁም። አንዲት የወጥ ቤት ሚዛን ገዙና፣ እሷንም ሌላ ሰው ሚዛን ላይ አስመዝነው፣ ከቦርሳቸው ከተቷት።

ቦርሳው ውስጥ ከሚዛኗ ሌላ ቴስተር፣ ሦስት ካቻቪቴ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ አጉሊ መነጽርና ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ምድጃ የተቆረጠ ጥቅል ሽቦ አለ። ከቦርሳው በፊት ግን የሚደርሰው ድምፃቸው ነው። ሰው አዲስ ዕቃ ይዞ በደስታ ካርቶን መቅደድ ሲጀምር ከበሩ በኩል «ቆይ እስቲ» ይላሉ። ሁለት ቃል ናት። በዚህች ሁለት ቃል ስንት ደስታ እንደቀዘቀዘ የሚያውቀው ዘመድ ብቻ ነው።

የአክስታቸው ልጅ ሲያገባ ካውያ ተሰጥቶት ነበር፤ ጋሼ ለፍተሻ ወሰዱት። ሙሽራው ለሠርጉ የለበሰው ሸሚዝ የተተኮሰው በጎረቤት ካውያ ነው። ዕቃው «ይሠራል» ተብሎ ሲመለስ ባልና ሚስት የመጀመሪያ ልጃቸውን አቅፈው ተቀበሉት። ሌላ ጊዜ ደግሞ ማቀዝቀዣ ለመምረጥ ሄደው ሱቅ ውስጥ የተደረደሩትን ሰባት ማቀዝቀዣዎች አንድ በአንድ ጆሯቸውን ለጥፈው አዳመጡ። የገቡት ደንበኞች ሰውየውን የሱቁ ባለሙያ አድርገው ወረፋ ያዙ። ጋሼ ለእያንዳንዳቸው የየማቀዝቀዣውን ሕመም ነገሯቸው፤ ሱቁም በዚያ ቀን አንድ እንኳ ሳይሸጥ ዋለ። የጎረቤታቸውን አዲስ የእጅ ባትሪ ደግሞ ምን ያህል እንደሚቆይ ለማወቅ አብርተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡትና እስኪጠፋ ጠበቁ። ከዚያ ወስደው ለባለቤቱ እየሰጡ «ጥሩ ባትሪ ነበር» አሉት።

ሲስተር የጋሼ ታናሽ እህት ናት። ዕድሜዋን በነርስነት ስላሳለፈች ሰፈሩ በሙሉ ሲስተር ነው የሚላት። የሠራችበት ቦታ ሰው ደሙ እየፈሰሰ ሲመጣ «ቆይ እስቲ» የማይባልበት ነውና ውሳኔዋ ፈጣን፣ እጇ ቀልጣፋ፣ ትዕግሥቷም ልክ ያለው ነው። ከዚህ ወንድም ጋር ስድሳ ዓመት እንዴት እንደኖረች ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል። አንዴ የውሃ ማፍያ ገዝታ ነበር። ጋሼ አርባ ጊዜ ካላፈላሁት አይሆንም ብለው ቁጭ አሉ። አርባኛው ሲፈላ እሷ ጎረቤት ሄዳ ሻይዋን ጠጥታ ተመልሳለች። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ስትገዛ በነጠላዋ ሸፍና ማስገባት ጀመረች፤ ጋሼ ግን የአዲስ ዕቃ ሽታ ሦስት ቤት አልፎ ይመጣላቸዋል። የሚኖሩትም ሦስት ቤት አልፎ ነው።

ሲስተር ጡረታ ከወጣች በኋላ ዶሮ ማርባት ያዘች። ዶሮዎቿ ገብስማዎች ናቸው፤ ከእናቷ ጊዜ ጀምሮ ዘሩ ሳይቋረጥ የመጣ፣ በሰፈሩ ሌላ ማንም ዘንድ የሌለ። እናታቸው ከሞቱ በኋላ ከእናት ቤት የተረፈ ሕይወት ያለው ነገር ቢኖር እነዚህ ዶሮዎች ነበሩ። ሌላ ከተማ የምትሠራው መሐንዲስ ልጇ ባለፈው ዕረፍቷ መጥታ ከአሮጌ የለስላሳ ማቀዝቀዣ ሣጥን የእንቁላል መፈልፈያ ሠራችላት። ሣጥኑ ውስጥ ሁለት አምፖል፣ አንድ ማራገቢያና የእንቁላል ማገላበጫ አለ። አእምሮው ግን መዳፍ የማትሞላ ኮምፒውተር ናት። ልብስ እንኳ የላትም፤ ሁሉ ነገሯ አንዲት አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ይታያል። ሙቀቱን ትለካለች፣ አምፖሎቹን ታበራለች፣ ታጠፋለች፣ እንቁላሎቹን ታገላብጣለች፣ ሲስተር ገበያ ከሆነች ደግሞ ስልኳ ላይ መልእክት ትልካለች። ሲስተር «ትንሿ» ብላ ስም አወጣችላት።

ስድሳ አራት እንቁላል ገባ። በአራተኛው ቀን ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ ሰፈሩን መታው። በሳምንት ውስጥ ግቢው ጭር አለ፤ አውራው ዶሮም አልተረፈ። ሲስተር ስንት ሞት ያየች ሴት ናትና ለዶሮማ አላለቅስም ብላ ነበር። አለቀሰች። ከእናቷ እጅ የመጣው ዘር የቀረው እዚያ ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው። ያ ከተበላሸ ሌላ የለም፤ በልመናም በግዢም አይገኝም።

ችግር የፈጠረችው ደግሞ ትንሿ ናት። የተሰካችበት ቻርጀር ከአሮጌ ስልክ የተረፈ ነበር፤ ገመዱም ረጅምና ቀጭን። አንዳንዴ ሙቀቱን በምታሳይባት ትንሽ ስክሪን ጥግ ላይ አንዲት ቢጫ የመብረቅ ምልክት ብቅ ትልና ትጠፋለች። ሲስተር ጌጥ መስሏት ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከገበያ ስትመለስ ትንሿ ትጠፋለች፣ ትነሳለች፣ ደግሞ ትጠፋለች። ሠላሳ ሰባት ተኩል መሆን የነበረበት ሙቀት ሠላሳ ሦስት ላይ ወርዷል። ሲስተር እጇን እንቁላሎቹ ላይ ጭና፣ የታመመ ግንባር እንደምትዳስሰው ዳሰሰቻቸውና ወደ ልጇ ደወለች።

ልጅቷ ነገሩ ወዲያው ገባት። ኃይል አንሷት ነው አለች። የስልክ ቻርጀር ሳይጠሩት ይደክማል፤ ለእሷ ተብሎ የተሠራ፣ አምስት ቮልቱን ሳይለቅ ሦስት አምፔር የሚሰጥ፣ ገመዱ አጭርና ወፍራም የሆነ አዳፕተር ያስፈልጋታል። እንዲያውም አንድ አለኝ፣ ነገ በአውቶቡስ እልክልሻለሁ አለቻት። ሲስተር እሺ ልትል አፏን ስትከፍት ከኋላዋ «ቆይ እስቲ» የሚል ድምፅ መጣ።

ክቡር ጠቅላይ መርማሪ ስልኩን ተቀበሉ። የእህታቸውን ልጅ ጤንነት በዝርዝር ጠየቁ፣ መረቁ፣ ከዚያ ክሱን አሰሙ። ሳይታይ፣ ሳይዳሰስ፣ ክብደቱ ሳይታወቅ በአውቶቡስ ተጭኖ የሚመጣ ዕቃ እዚህ ቤት አይሰካም። ልጅቷ አዳፕተሩ ላይ ቁጥሩ ተጽፏል ብትላቸው፣ «ልጄ፣ ጆንያም ላይ ይጻፍ ነበር» አሏት። ጉዳዩን እሳቸው ይዘውታል፤ ነገ ገበያ ይወጣል፤ አለቀ። ሲስተር ለምን ዝም እንዳለች እስከ ዛሬ በደንብ አታውቀውም። ዶሮዎቹ ሲያልቁ አንድ በአንድ አንስተው የቀበሩት፣ እሷ እንዳታይ ሲሉ በማለዳ እየመጡ የቀበሩት፣ እሳቸው ስለነበሩ ይሆናል።

ገበያው ሦስት ቀን ፈጀ። የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴዎቹ ያችን ቦርሳ ከሩቅ ያውቋታል። በመጀመሪያው ቀን የረድፉ ሱቆች በሙሉ አንድ ላይ ምሳ ወጡ። በሁለተኛው ቀን አንዱ ሻጭ ሞቷል አስባለ። በሦስተኛው ቀን ግን ከሌላ ሰፈር በቅርቡ የመጣ፣ የማያውቃቸው አንድ ምስኪን ሻጭ «ምን ልታዘዝ አባቴ» አለ። ጋሼ ቦርሳቸውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው ሚዛኗን አወጡ። ሰውየው ወርቅ የሚሸጡለት መስሎት ፈገግ አለ።

አሥራ አንድ ቻርጀር መዘኑ። «ይቺ ላባ ናት» ይላሉ። ቀጥለው «ይቺ ቅርፊት ናት፣ ውስጧ ሰው የለም» ይላሉ። ንድፈ ሐሳባቸው ግልጽ ነው፤ ኃይል የሚሰጥ ነገር ውስጡ መዳብና ብረት ሊኖረው ይገባል፣ መዳብና ብረት ደግሞ ይከብዳል። በመሃል ለሻጩ ትምህርት ሰጡት። ትምህርቱ፣ ሐቁን መናገር ካለብን፣ ስህተት የለበትም። ማንኛውም ቻርጀር ባዶውን ሲለኩት አምስት ቮልት ያሳያል፤ ቁጭ ብሎማ ሁሉም ጎበዝ ነው፣ የሚለየው ሲያሸክሙት ነው። ሲለካም እዚህ ሥሩ ላይ ሳይሆን እዚያ የገመዱ ጫፍ ላይ ነው፤ ቀጭን ገመድ መንገድ ላይ እየበላ ይሄዳልና። እህልም የሚመዘነው ከመጋዘን ሲወጣ ሳይሆን ደንበኛው በር ላይ ሲደርስ ነው አሉት። ሻጩ ጉንጩን ይዞ ሰማቸው። ሲስተር አጠገባቸው ቆማ ሰዓቷን ታያለች፤ አሥራ አምስተኛው ቀን ነው። ከጎረቤት ገመድ ተውሳ፣ ትንሿ በጠፋች ቁጥር እየነካካች በማስነሳት ነው እዚህ የደረሰችው።

አሥራ ሁለተኛው ቻርጀር ጥቁር ነበር። ጋሼ ከሻጩ እጅ ሲቀበሉት እጃቸው ትንሽ ዝቅ አለ። ሚዛኗ ላይ አስቀመጡት፤ ሁለት መቶ አርባ ግራም። ደግመው አስቀመጡት። ፊታቸው በራ። እንዲህ ያለ ነገር ካዩ ብዙ ዘመናቸው ነው። ለሲስተርም አቀበሏትና፣ «ያዢው እስቲ፣ ዕቃ ማለት ይሄ ነው» አሏት። እሷም ያዘችው፤ በእርግጥም ይከብዳል።

ቤት እንደገቡ ጋሼ እንደ ልማዳቸው ጥቅሉን የምድጃ ሽቦ አውጥተው ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ሊነክሩት ተዘጋጁ። ሽቦው ከቻርጀሩ ጋር ሲያያዝ እንደ ሸክም ኃይል ይስባል፣ ውሃው ያቀዘቅዘዋል፤ ቻርጀሩ ያን ተሸክሞ አንድ ቀን ከቆመ ያልፋል፤ ካልቆመ ይወድቃል። አንድ ቀን ማለት ለጋሼ አጭር ነው፤ የእህት ዋጋ ነው። የሲስተር ትዕግሥት ያለቀው እዚህ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ በእናታችን ይዤሃለሁ» አለች። «እንቁላሎቹ አይጠብቁኝም። ዛሬን እንኳ ፍጠንልኝ።»

ጋሼ ሽቦውን አዩ። እህታቸውን አዩ። ከዚያም በቤተሰቡ ታሪክ ያልታየ ነገር አደረጉ፤ ሽቦውን ጠቅልለው ወደ ቦርሳው መለሱት። ክብደቱ እንዲህ የሆነን ዕቃ መፈተን መስደብ ነው ብለው ራሳቸውን አሳመኑ። ቻርጀሩ ተሰካ፣ ትንሿ ተነሳች፣ መብረቋ አልታየችም። ሲስተር ወንድሟን ግንባራቸውን ሳመቻቸው። ሁለት ቀን ሰላም ሆነ።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ሲስተር የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተታት። ጓዳ ስትገባ ቢጫዋ መብረቅ ስክሪኑ ላይ ተተክላለች፤ ወዲያው ትንሿ ድርግም አለች፣ አምፖሎቹም ጠፉ። ቻርጀሩን ልትነቅል ስትነካው እጇን አቃጠላት። አሮጌውን የስልክ ቻርጀር ብትሰካው ትንሿ ከነጭራሹ እምቢ አለች። በአጥሩ በኩል ተጣራች። ጋሼ አንድ እግር ጫማ አድርገው መጡ።

ካቻቪቴ አውጥተው ጥቁሩን ቻርጀር በቅርፊቱ መጋጠሚያ በኩል ፈለቀቁት። ውስጡ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል፣ ጥቁር ብላ ያረረች ሰሌዳ። ሁለተኛው፣ የቀረውን ቦታ በሙሉ የያዘው፣ ከምንም ነገር ጋር ያልተገናኘ፣ በማጣበቂያ የተለጠፈ ድፍን ብረት። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ መክበድ።

ጋሼ ብረቱን አውጥተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡት። ሲስተር ወንድሟን በዚህ ዓይነት ፊት ያየችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ቀብር ላይ ነበር።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከጆንያ ውስጥ ድንጋይ አወጣሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ጆንያ ሲቀል ብቻ ሳይሆን ሲከብድም ይፈታ ብዬ ስንቱን አስተምሬ።» ብረቱን ገለበጡት። «እህቴ፣ ይህን የሠራው ሰው እኔን ያውቀኛል። እዚያ ማዶ አንድ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ቻርጀር የሚመዝን አንድ ሽማግሌ አለ ብሎ አስቧል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሲስተር በዚህች ንግግር ለስድስት ወር የሚበቃ መሳቂያ ታገኝባት ነበር። «ልጄ ነግራህ አልነበር» የምትለዋም ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች። ግን ፍጠንልኝ ያለችው እሷ ናት፤ ሰውየውም በዕድሜው አንዴ ቢፈጥን ለእሷ ብሎ ነው። ይህንኑ ልትነግራቸው ጀመረች። ጋሼ አቋረጧት፤ አንቺ ምን አደረግሽ፣ የመዘንኩት እኔ፣ ያሳለፍኩት እኔ አሉ። ከዚያ ራሳቸው ስልኩን አንስተው ለእህታቸው ልጅ ደወሉና፣ ያቺን ያንቺን አዳፕተር ላኪልን፣ በአውቶቡስም ቢሆን ላኪልን አሏት። ልጅቷ ያለፈውን ሳታነሳ ነገ ጠዋት አሳፍራለሁ፣ ከነገ ወዲያ ቀትር ላይ ይደርሳል አለች። አስተዳደጓ ደህና ነው።

እስከዚያ ሁለት ቀን አለ። እንቁላል ደግሞ በመጨረሻዎቹ ቀናት ሙቀት ሲለዋወጥበት አይወድም። ጋሼ ሁለተኛውን ጫማቸውን አስመጡ፣ የአምፖሎቹን ገመድ ከትንሿ ነጥለው በቀጥታ ከማብሪያ ማጥፊያ ጋር አገናኙ፣ ቴርሞሜትሩን በመስታወቱ በኩል አስጠግተው ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። ሠላሳ ሰባት ተኩል ሲያልፍ ያጠፋሉ፤ ሲወርድ ያበራሉ። በአጭሩ ክቡር ጠቅላይ መርማሪ ኮምፒውተር ሆኑ።

ለዚህኛው ኮምፒውተር አስተማማኝ የኃይል ምንጭ መምረጥ ደግሞ የእህት ፈንታ ሆነ። ሲስተር ሞያዋን አልረሳችም፤ በየሦስት ሰዓቱ እየመጣች ዓይናቸውን ታያለች። መጀመሪያ ሾርባ ሞከረች፤ ለአንድ ሰዓት ጥሩ ሠራና እንቅልፍ አመጣ። ወፍራም ሻይ ሞከረች፤ ነቁ፣ እጃቸው ግን ተንቀጠቀጠ። በመጨረሻ ዳቦ በማር፣ በየመሃሉ ቀጭን ሻይ ተስማማቸው። እንቁላል ብቻ አላቀረበችላቸውም፤ ከቦታው አንጻር ነውር መስሎ ታያት። ሌሊቱን እሷ ትይዛለች፣ የለመደችው ተረኝነት ነው፤ ሲነጋ ለጋሼ አስረክባ ጋደም ትላለች። ጋሼ ያቺን ሥራ በዝምታ የሚሠሯት እንዳይመስላችሁ። ሙቀቱ ሲጨምር «ቆይ እስቲ» ብለው ያጠፋሉ። ሲቀንስ «ቆይ እስቲ» ብለው ያበራሉ። ሲስተር ቀጣዩ ክፍል ጋደም ብላ በግድግዳው በኩል ስትቆጥር ሁለት መቶ ላይ ስትደርስ ቁጥሩ ጠፋባት።

በሃያኛው ቀን ቀትር ላይ ዕቃው ደረሰ። ሲስተር ከመናኸሪያው ተቀብላ ስትመለስ ይሄኛው ኮምፒውተርም ኃይል አንሶታል፤ ጋሼ እጃቸው ማብሪያው ላይ እንዳለ ወንበር ላይ አንቀላፍተዋል። ሙቀቱ ገና አልወረደም። አልቀሰቀሰቻቸውም። እጃቸውን ቀስ አድርጋ አንስታ ቦታውን ያዘች፣ በሌላ እጇ ካርቶኑን ከፈተች። አዳፕተሩ ነጭ ነው፣ ገመዱ አጭርና ወፍራም። ግን ምንም አይከብድም። ልቧ ፈራ አለ።

ስልኳ ጮኸ። ልጇ ናት። «እማዬ፣ ደረሰልሽ? በቃ ዝም ብለሽ ሰኪው።»

«ቆይ እስቲ» አለች ሲስተር።

ከራሷ አፍ መውጣቱን ስታውቅ ዘወር ብላ ወንድሟን አየች። ጋሼ አንኮራፉ። ስልኩን ዘጋችና ከቦርሳቸው ሚዛኗን አወጣች። ዘጠና አምስት ግራም። በጋሼ ሕግ ቢሆን ይህ ዕቃ ከበር ነበር የሚመለሰው። ብርጭቆ ውሃ አመጣች፣ ያን ጥቅል የምድጃ ሽቦ ነከረችው፣ አዳፕተሩን አሸከመችው፣ ቴስተሩን የገመዱ ጫፍ ላይ አስነክታ ቁጭ አለች። በአንድ እጇ አምፖል ታበራለች፣ በሌላው ትለካለች። አምስት ነጥብ አንድ። ውሃው ለብ ማለት ጀመረ። አምስት ነጥብ አንድ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሳትፈጥን፣ ወንድሟ ለእሷ ሲሉ የተዉትን ፍተሻ እሷ ለእሳቸው ስትል ፈተነችው። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ የአምፖሎቹን ገመድ ወደ ትንሿ መልሳ ሰካቻት። ስክሪኑ በራ፤ ጥጉ ላይ ምንም አልነበረም።

ጋሼ ሲነቁ አምፖሎቹ ራሳቸው እየበሩ ራሳቸው ይጠፋሉ። አዳፕተሩን አዩት፣ ግን አልነኩትም።

«መዘንሽው?» አሉ።

«አልመዘንኩትም» አለች ሲስተር፣ ዘጠና አምስቱን ግራም ለራሷ ይዛ። «አሸክሜ ነው የለካሁት። የገመዱ ጫፍ ላይ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ። አንተ እንዳስተማርከው።»

ጋሼ ቴስተሩን ወደ ቦርሳቸው መለሱ። «ደግ አደረግሽ» አሉ። ድፍኑን ብረት ከኪሳቸው አውጥተው መስኮቱ ላይ አስቀመጡት፤ እስከ ዛሬ እዚያው አለ፣ መስኮቱ በንፋስ እንዳይዘጋ ይይዛል።

በማግስቱ ሣጥኑ ውስጥ ጫጫታ ሆነ። እስከ ማታ ድረስ ከስድሳ አራቱ ኀምሳ አንዱ ተፈለፈሉ። ገና እርጥብ ሳሉ እንኳ ገብስማነታቸው ያስታውቅ ነበር። ሲስተር አንዱን መዳፏ ላይ አድርጋ «እማማ ባየችልኝ» አለችና እንባዋን ጠረገች። ጋሼም አፍንጫቸውን ጠረጉ፤ ጉንፋን ነው አሉ።

ዋናው ጉድ የታየው ጫጩቶቹ ደርቀው ወለል ላይ ሲለቀቁ ነው። ሲስተር ሰሃን እየነካካች፣ በምላሷ እየተጣራች፣ ጥሬ እየበተነች ብትለምናቸው ዞረውም አላዩዋት። ጋሼ በበሩ ብቅ ብለው «ቆይ እስቲ፣ እንዳልረግጣቸው» ሲሉ ኀምሳ አንዱም አንድ ላይ ቀና አሉ፤ ከዚያም እየተደፉ፣ እየተነሱ፣ እየተጋፉ ሮጠው የጋሼን ጫማ ከበቡት። ጋሼ እግራቸውን ማንሳት አቃታቸው። ሲስተር ነገሩ ሲገባት ግድግዳ ይዛ ሳቀች። ቅርፊት ውስጥ ሆነው ጆሯቸው ሲከፈት የሰሙት የዚህ ዓለም ድምፅ ይኸው ብቻ ነው። ቆይ ሲባሉ የሚሮጡ ዶሮዎች አረባች።

ክቡር ጠቅላይ መርማሪ ዕድሜ ልካቸውን «ቆይ እስቲ» ሲሉ የኖሩት ዓይኑን የሚያንከባልል ዘመድ ፊት ነው። አሁን ኀምሳ አንድ ሰሚ አገኙ። በየጠዋቱ ይመጣሉ፣ ግቢው መሃል ቆመው ያችን ቃል ይናገራሉ፣ ይከበባሉ፣ ፊታቸው ይበራል። ዘር ለማስቀጠል ጥቂት ጫጩት የወሰዱ ጎረቤቶችም ማታ ማታ ዶሮ ሲያስገቡ በየአጥሩ «ቆይ እስቲ፣ ቆይ እስቲ» ይላሉ።

በሁለተኛው ወር ላይ ጋሼ ጠፉ። ሌላ ሰፈር ያለች የአክስታቸው ልጅ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ልትገዛ አስባ ስለነበር ለምርመራ ተጠርተው ነው፤ ሳምንት አለፋቸው። ሲስተር በሰላም ሦስት ዕቃ ገዛች፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ሰካች፣ ሁሉም ሠሩ። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ጥሬ ይዛ ወጣችና «ቆይ እስቲ» አለች። ዶሮዎቹ መጡ፤ ለቀሙ። ከዚያ አንገታቸውን አስግገው በእሷ በኩል አሳልፈው ወደ በሩ አዩ። እሷም ዞር ብላ አየች።

ስልኳን አነሳችና ደወለች። «ጋሼ፣ ያ የውሃ ማፍያ ደህና አይመስለኝም» አለች። «ስሰካው አንድ ዓይነት ድምፅ ያሰማል።»

«ቆይ እስቲ፣ እንዳትነኪው» አሉ ጋሼ። «እኔ መጣሁ።»

ሲስተር ስልኩን ዘግታ ምንም ያልሆነውን ማፍያ ውሃ ሞላችና ለሁለት ሰው ሻይ ጣደችበት።